ለዳኛው የጻፍኩት ደብዳቤ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከቅመማ ቅመም ሱቁ ወጥቼ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ስፈልግ (እንደ ልማዴ ረስቼዋለሁ) አንዲት ሴት ከመንገዱ ማዶ «ጋሼ ደምሴ!» ብላ ተጣራች። ግራጫ ኮት ለብሳ ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ በትከሻዋ አንግታለች። መብራቱን ጠብቃ ስትሻገር ማን እንደሆነች ያወቅሁት በግንባሯ ነው። ያ ሰፊ ግንባር የአባቷ የጌታሁን ግንባር ነው። ማህሌት ናት። እውነቱን ልናገርና ሳያት ደስ አላለኝም። ይህችን ልጅ በየሰርጉና በየለቅሶው ከሩቅ እያየሁ፣ ሰው መሃል እየገባሁ ስሰወርባት ነው የኖርኩት። የዚያን ቀን ግን በሁለት እጄ በርበሬና ኮረሪማ አንጠልጥዬ ወዴት እሮጣለሁ? በዚያ ላይ ጉልበቴ።

ሦስት ጊዜ ስማኝ፣ «አንተን እኮ ስፈልግህ ነበር» አለችኝ። አንቱ የሚባለው ነገር ከዚህ ከተማ ልጆች አፍ ከጠፋ ቆይቷል፤ በፊት ይከነክነኝ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። «የሚቀጥለው እሁድ ቸርች አዳራሽ ውስጥ ቶክ አለኝ፣ ስለ ፌሎኒና ሚስዲሚነር። ሰዋችን ይከሰስና በምን እንደተከሰሰ እንኳ አያውቅም። ሶ፣ ልዩነቱን በሁለት ገጽ ጻፍኩት፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የኔ አማርኛ እኮ የቤት ነው። ፕሊስ ትራንስሌት አድርግልኝ። እማዬ እንደ ደምሴ የሚጽፍ ሰው የለም ትላለች።»

ማህሌት የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ከሆነች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። እናቷ ውብነሽ ስለኔ እንዲያ ማለቷን ስሰማ እምቢ ልላት ቃጣኝ። ቢሆንም ምን ልበላት? ወረቀቱን ተቀብዬ መኪናዬን ከስንት ፍለጋ በኋላ አገኘሁትና ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀምጬ አነበብኩ። ሚስዲሚነር ቀላሉ ወንጀል ነው ይላል፤ ቢበዛ ቢበዛ ዓመት የማይበልጥ እስር፣ ያውም በካውንቲው እስር ቤት። ፌሎኒ ከባዱ ነው፤ የስቴት ወህኒ፣ ከወህኒ ከተወጣም በኋላ ከሰው ላይ የማይወርድ ስም፣ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ከአገር መባረር። ልጅቷ አጥርታ ጽፋዋለች። እኔ ግን ይህን ልዩነት ለማወቅ ወረቀት አላስፈለገኝም። ያወቅሁት እሷ ገና ጫማዋን ማሰር ሳትችል ነው፤ ያወቅሁትም በአባቷ ነው።

ያኔ ፌርፋክስ ገና በአገራችን ስም አልተጠራም። ከኦሎምፒክ መንገድ ወደ ታች ሲወረድ የኛ ሰው የነበረበት ሁለት ምግብ ቤት፣ አንድ ሱቅና አንድ ፀጉር ቤት ብቻ ነበር። የቀረው የድሮ ዕቃ መሸጫ ነው፤ አምፖል የሌላቸው መብራቶች፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶግራፍ። ቤንዚን በጋሎን አንድ ዶላር ከምናምን ሳንቲም ነበር። አሥራ አምስት ዶላር ቤንዚን ሞልተን እስከ ሳንታ ሞኒካ እንነዳና ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ባሕሩን ቆመን አይተን እንመለሳለን። ወንዶቻችን በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ይለብሳሉ፤ ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ ለብሰው ወታደር ይመስላሉ። አዲስ ካሴት ከዋሽንግተን መጣ ከተባለ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ወረፋ ነው። አንዱ ይገዛል፣ አሥራ አምስቱ ያስገለብጣል። ካሴቱ ሲጠመጠም ቀዳዳው ውስጥ እስክሪብቶ አስገብተን የምናዞረውን ነገር ለልጆቼ ሳወራላቸው ተረት ነው የሚመስላቸው።

እኔ በተማሪነት መጥቼ ትምህርቴን በመሃል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዳውንታውን አንድ ረጅም ሕንጻ ሥር፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ለፓርኪንግ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ዳሱ ውስጥ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ መኪና ባልመጣ ቁጥር እሱን ነው የማነበው። ስለዚህ ፎርም የሚሞላለት፣ ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚጻፍለት፣ የትራፊክ ቅጣት ይነሳልኝ የሚል ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። «ደምሴ እኮ ፈረንጆቹን በገዛ ቋንቋቸው ያስለቅሳቸዋል» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል። ልደብቅ አልችልም፣ ጉረኛ ነበርኩ።

ጉራዬን ያባሰችው ደግሞ አንዲት ቀላል ክስ ናት። ኖርዝ ሆሊውድ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ልጆች በሳህን እጥበት ተጣልተው አንዱ ሌላውን በጥፊ አለው። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። በጥፊ የመታው በሚስዲሚነር ተከሰሰ። የዚያን ጊዜ የሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ በንጉሡ ጊዜ ትልቅ ሹም የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል ውስጥ መጋዘን የሚጠብቁ፣ ቢሆንም ከክራቫት ጋር ያልተለያዩ ሰው። ልጆቹን ጠርተው አስታረቁና «ደምሴ፣ ለዳኛው ጻፍለት» አሉኝ። ጻፍኩ። በችሎቱ ቀን ተመቺው ልጅ ቆሞ «ተክሼ ታርቄያለሁ፣ ቅሬታ የለኝም» አለ፤ ዳኛው ደብዳቤዬን አንብቦ ፈገግ አለና ፋይሉን ዘጋው። እንደዚህ ያለ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም ማለቱን ያልነገርኩት ማን አለ! ሽምግልናችን አሜሪካ ድረስ ይሠራል ብለን አመንን። የሠራው በቀላል ክስ ላይ ብቻ መሆኑን የነገረን ሰው የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ጌታሁንን ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። በካርቱም በኩል የመጣ፣ ከኔ ስምንት ዓመት የሚያንስ፣ ኢንግልዉድ የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነበር። ታክሲውን የሚያጥበው በጥርስ ብሩሽ ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ የጎማውን ጠርዝ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ በዓይኔ አይቻለሁ። እየዘፈነ ይነዳል። ድምፁ ግን አያድርስ ነው። ተሳፋሪዎቹ ቲፕ የሚሰጡት ዝም እንዲልላቸው ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ማህሌትን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ውብነሽ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ሦስቱም እየሳቁ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አሁንም ይታየኛል። ወዳጄ ነበር። ከወንድሞቼ ሁሉ እሱ ይሻለኝ ነበር።

ጠቡ የተነሳው አየር ማረፊያ፣ ታክሲዎቹ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው፤ እኩለ ቀን። ጋሽ መርዕድ የሚባሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት ሾፌር ወረፋዬን ዘለልክ አሉት፣ አልዘለልኩም አለ። ጋሽ መርዕድ ንዴተኛ ነበሩ። ሸሚዙን አንገቱ ላይ ጨምድደው ከታክሲው በር ጋር አጣበቁት። ጌታሁን አንድ ጊዜ መታቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሲወድቁ መንጋጋቸው የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ አረፈ። መንጋጋቸው ተሰበረ፤ አንድ ጆሯቸውም ከዚያ በኋላ አልሰማም። ጌታሁን ፖሊስ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላታቸውን ታቅፎ ነበር አሉ።

ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ክሱ ፌሎኒ ሆነ። በዋስ ወጣ። ፍርድ ቤቱ የመደበለት ጠበቃ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የምትሰካ ወጣት አሜሪካዊት ነበረች። አስተርጓሚ ሆኜ ቢሮዋ ሄድኩ። ትዕግሥቷ ይገርመኛል፤ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የምትለው። «እንዲህ ያለው ክስ ወዲህም ወዲያም ሊሄድ የሚችል ነው» አለች። «ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ ቀላል፣ ከፈለገ ከባድ ያደርገዋል። ቀላል ከሆነ በገደብ ቤቱ ይገባል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል። ከባድ ከሆነ የስቴት ወህኒ ነው፤ ከወህኒው በር ላይ ደግሞ ኢሚግሬሽን ቆሞ ይጠብቀዋል። ጌታሁን የመታው ታንቆ ሳለ ነው፤ ያየ ምስክር አግኝቻለሁ። ዐቃቤ ሕጉ እያሰበበት ነው። ጥቂት ሳምንት ስጡኝ። እስከዚያ ስለዚህ ነገር ለማንም አንዲት ቃል እንዳይናገር።»

እኔም «ለማንም እንዳትናገር» ብዬ አስተረጎምኩለት። ጌታሁን አንገቱን ነቀነቀ። ለማንም ሲባል ሽማግሌም እንደሚጨመር ያሰበ ከሁለታችን አንድም አልነበረም። ሽማግሌ ማንም ነው እንዴ? ሽማግሌ እኮ ቤተሰብ ነው። ሰው ከሐኪም ይደብቃል፣ ከሚስቱም ይደብቃል፤ ሊያስታርቀው ከመጣ ሽማግሌ ምን ይደብቃል? እንዲህ ነው ያደግነው። ጠበቃዋ ይህን አታውቅም፤ እኛም አታውቅም ብለን አልነገርናትም።

በሁለተኛው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተፈራ ፓሳዴና ቤታቸው ጠሩን። ጌታሁንን በመኪናዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ፓርክ አድርጌ ልወርድ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ደምሴ፣ አንቀው ከበሩ ጋር ያጣበቁኝ እሳቸው ናቸው። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። ግን አንተ ታናሽ ነህ። ጥፋቱን ውሰደውና ይለቅ» አልኩት።

«እወስደዋለሁ» አለ። «የውብነሽ እንቅልፍ ይመለስ እንጂ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ መርዕድ መንጋጋቸው በሽቦ ታስሮ፣ ነጭ ሻርፕ ጠምጥመው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ጌታሁን ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።» ጋሽ መርዕድ አነሱት፤ በዚያ በታሰረ አፋቸው ሳሙት፣ አለቀሱ፣ ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ ጋሽ መርዕድ በጥርሳቸው መሃል «እኔም እኮ አንቄው ነበር፣ የጀመርኩት እኔ…» ሲሉ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አነሱ። «መርዕድ ይተዉ። እርቅ ከወረደ በኋላ በደል አይቆጠርም። አልቋል» አሏቸው። ሁላችንም «አልቋል፣ አልቋል» አልን። ያን ሰው የሚያድነውን አንድ እውነት ከባለቤቱ አፍ ላይ ያስቆምነው እኛ ነን። ያውም በአክብሮት።

«በል ደምሴ፣ እንደዚያኛው አሳምረህ ጻፍልን» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። ጓዳቸው ውስጥ በነበረች የጽሕፈት መኪና ተቀምጬ ጻፍኩ። አሁን የምናገረውን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም አልተናገርኩትም። ጌታሁን ያለው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ ነው። እኔ ግን ይህች አጭር ቃል ለዳኛ አትበቃም አልኩ። ንስሐው ትልቅ እንዲመስል በደሉም ትልቅ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ሆን ብሎ፣ ጉዳት ለማድረስ አስቦ፣ ጋሽ መርዕድ በምንም ሳይነኩት እንደመታቸው በሙሉ ልቡ ያምናል የሚል። በእንግሊዝኛው ያማረ ነበር። ጮክ ብዬ ለራሴ ሳነበው ደስ አለኝ። ጌታሁን ሊፈርም ሲመጣ «ምን ይላል?» አለኝ። «ይቅርታህን ነዋ» አልኩት። ፈረመ። ጋሽ መርዕድም ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ፈረሙ፣ እኛም ሽማግሌዎቹ ፈረምን። ሰኞ ዕለት አንዱን ለዳኛው፣ አንዱን ለዐቃቤ ሕጉ በፖስታ ላክሁ። ለጠበቃዋ መላክ ትዝም አላለኝ። ከፖስታ ቤቱ ስወጣ ያፏጨሁ ይመስለኛል።

የቅድመ ምርመራው ቀን ሁላችንም ክራቫት አስረን መጣን። ዐቃቤ ሕጉ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው ነበር ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። ደብዳቤዬን ከፋይሉ ውስጥ አወጣ። የጠበቃዋ ፊት ሲነጣ አየሁ፤ ቀና ብላ ዓይኗን በየወንበሩ ላይ አንከራተተችና እኔ ላይ አቆመችው። ጋሽ መርዕድ ለምስክርነት ቆመው «ታርቀናል። መጀመሪያም ያነቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ሰጣቸው። እዚህ ላይ በምንም አልነካሁትም ብለው ፈርመዋል፣ ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን? አላቸው። ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ለይቅርታዎ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ክሱ የእርስዎ አይደለም፣ ከሳሹ የካሊፎርኒያ ሕዝብ ነው አለ። ጋሽ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኛስ ሕዝብ አይደለንም እንዴ?» አሉኝ።

ጠበቃዋ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። «ቀላል ክስ ቢሆን ይህ ደብዳቤ ያድነው ነበር» አለችኝ። «እዚያ ተበዳዩ ተክሻለሁ ካለ ዳኛው ሊዘጋው ሕጉ ይፈቅዳል። ከባዱ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። እዚህ የእናንተ ይቅርታ የእምነት ቃል ነው የሚባለው። ዐቃቤ ሕጉ ቀላል ሊያደርገው ተስማምቶልኝ ነበር፤ ትናንት ደብዳቤው ደረሰውና ተወው።» ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ይህ አረፍተ ነገር የሱ ቃል ነው?» አለችኝ። ጌታሁን ወዲያ ማዶ ከውብነሽ ጋር ቆሟል፤ ማህሌት ጉልበቱን አቅፋለች። ጋሽ ተፈራም ያዩኛል። «የሱ ነው» አልኩ። ፈሪ ነበርኩ። የዋሸ ሰው እንዳይሉኝ ፈርቼ ዋሸሁ።

ሙግት ቢገባ ከዚህ የከፋ ይመጣል ተባለና ጌታሁን ጥፋተኛ ነኝ አለ። ሦስት ዓመት ስቴት ወህኒ ፈረዱበት። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ታክሲውን ማን እንደሚነዳት፣ ያጥባት እንደሆን ይጠይቀኛል። በሁለተኛው ጊዜ «ጌታሁን፣ ያ ደብዳቤ…» ብዬ ስጀምር «ተወው» አለኝ። «ልጄን ትምህርት ቤት አድርስልኝ፣ ውብነሽ ጠዋት ሺፍት ገብታለች።» አንድ ዓመት አደረስኳት። ከዚያ የምትጠይቀኝ ጥያቄ እየበዛ ሲሄድ፣ አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ስትለኝ፣ ሥራ ተቀየረብኝ ብዬ ተውኩት። እስሩን ሲጨርስ ከወህኒ ቤቱ በር ኢሚግሬሽን ወስዶ በአውሮፕላን ጫነው። ሚስትና ልጁ እዚህ፣ እሱ እዚያ። ውብነሽ ልጅቷን ማሳደግ ነበረባት። ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ብቻ ሆነ። ካቻምና በኩላሊት ሞተ። እዚህ በተደረገው ለቅሶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለውብነሽ እጄን ሰጥቼ ሳልናገር ወጣሁ።

ይኸው እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ የማህሌትን ወረቀት ስተረጉም ሰነበትኩ። ሁለት ገጽ ለኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዚህኛው እያንዳንዱ መስመር ግን አላልፍ አለኝ። ከጠበቃችሁ በቀር ለዳኛም ለዐቃቤ ሕግም ምንም አትጻፉ የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሰባ ዓመት አልፎኛል። ጋሽ ተፈራም ጋሽ መርዕድም አፈር ሆነዋል። ዝም ብዬ ብሞት የሚያውቅብኝ የለም። እንዲያውም የከፋኝ እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ደወልኩላትና ፌርፋክስ አንድ ሻይ ቤት ቀጠርኳት።

ወረቀቱን አቀበልኳት። «ማህሌት፣ የአባትሽን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ። «ጠበቃ እንደሆንኩ መጀመሪያ ያወጣሁት ፋይል የሱን ነው። ስምህ ከታች አለ። ይህን ስታስብ ነው እንዴ ስትሸሸኝ የኖርከው?» እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ ደምሴ፣ ያቺ ሴንተንስ የማን እንደሆነች አባዬን ጠይቄዋለሁ። 'የኔ ናት፤ ደምሴ ይቅርብህ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ግድ የለም ጻፍ ያልኩት' ብሎኛል። ኦኬ? ማንም አይከስህም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጽሑፉን ሳያነብ ፈርሟል፤ በኋላ ግን አስተርጉሞ አውቆታል። አውቆ ነው ከወህኒው መስታወት ወዲያ «ተወው» ያለኝ። አውቆም ሸፈነኝ።

«እናትሽስ ይህን ሰምታለች?» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላለች። 'በገዛ አፉ ነው ጥሎን የሄደው' አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን አናግራው አታውቅም። ሲሞትም… ታውቃለህ፣ ጥቁር ያወለቀችው በሳምንቱ ነው። አልማረችውም።»

ደብዳቤውን የጻፍኩ ቀን ችኩልና ጉረኛ ነበርኩ፤ ይህንን እግዚአብሔርም ሰውም ይቅር ይለኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ዝም ያልኩበት ዓመት ሁሉ ግን ባልና ሚስትን ሲያለያይ እንደኖረ ያወቅሁት እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። «አላለም» አልኳት። «አባትሽ ጥፋቱ የኔ ነው ብቻ ነው ያለው። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታህን ነው የሚለው ብዬ አስፈረምኩት። ይቅርብህም አላልኩትም። ለጠበቃዋም ዋሸኋት።»

እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። እንደ ጠበቃ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋን አነሳችና «እማዬ ዛሬ ከሥራ ኦፍ ናት» አለች። «እኔ አልነግርልህም። ና፣ ድራይቭ አደርግሃለሁ።»

ወደ ኢንግልዉድ ነዳች። ውብነሽ በሩን የከፈተችው እጇን በፎጣ እያደረቀች ነው። ፀጉሯ ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል። «ደምሴ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ? ግባ እንጂ፣ ቁጭ በል» አለችኝ።

«ቆሜ ልንገርሽ፣ ውብነሽ» አልኳት። ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳላሳምር።

አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝምም። ፎጣውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። አየችኝ፤ ግን እኔን የምታይ አይመስልም ነበር።

«እስኪሞት ድረስ እሁድ እሁድ ይደውል ነበር» አለች። «አንድም ቀን አላነሳሁለትም።»